የላላው ገና

ኮልፌ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ማኑሄ
ቦንጋ፣ እህትዎ እትዬ ውዳሴ ቤት

ከኮልፌ እስከ ቦንጋ ባለው መንገድ ልክ የረዘመ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አቀበቱን እኔ ገፍቼዋለሁ፤ እርስዎ ቁልቁለቱን ብቻ ይቀበሉኝ። እግርዎ እንዴት ነው? እትዬ ውዳሴስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደህና ከሚባለው ትንሽ አልፌያለሁ። ምክንያቱን አሁን ያዩታል።

«ያቺን አጭር ወረቀት ማን ጻፈልህ? የፀጋ እጅ አይደለም፤ ዶሮ የሄደችበት ይመስላል» ብለው ለጠየቁኝ፣ ዶሮዋ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ፀጋ ለእኔ መጻፏ አብቅቷል። በማታው ትምህርት ከሀ ሁ ተነስታ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ያደረሰችኝ ራሷ ናት። ባለፈው እሁድ በቸርቻችን አዳራሽ የምስክር ወረቀት ሰጥታ አሰናበተችን። የእኔ ስም ወደ መጨረሻው ላይ ተጠራ። ትልቅ ሰው መጨረሻ እንደሚጠራ እርስዎም ያውቃሉ። ጎረቤታችን የሺእመቤት ግን ምሳ ቤቷ ውስጥ፣ በደንበኛ ፊት፣ «በፊደል ተራ ስለሆነ እኮ ነው፤ ጉ የት እንዳለች አታውቅም እንዴ?» እያለች ታሳጣኛለች። ስድብ ነው ብዬ አልያዝኩትም። ቅናት ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሦስት ዓይነት ሀ ለምን አስፈለገ? ፀጋን ብጠይቃት ድሮ ድምፃቸው ይለያይ ነበር አለችኝ። ታዲያ አሁን ካልተለያየ ሁለቱን ፈትቶ ማስቀመጥ ነው እንጂ፣ አንድ ብስክሌት ላይ ሦስት መሪ ምን ይሠራል? አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ሦስቱንም ደጋግማ አስጻፈችኝ።

ስልክ እንዳልደውልልዎ ጆሮዎ፣ በስልክ ጽሑፍ እንዳልልክ ደግሞ ዓይንዎ እምቢ አለ። ስለዚህ እንዲህ ፊደሉን እያተለቅኩ እጽፍልዎታለሁ፤ የአውቶቡስ ረዳቱ ነገሬም ከአየር ጤና በሚነሳው መኪናው ያደርስልኛል። ረዳት ከሆነ ጀምሮ የማይነጫነጭ ተሳፋሪ ያገኘው የእኔን ደብዳቤ ብቻ እንደሆነ ነግሮኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያ ሚኒባስ 18 ማዞሪያ ላይ ጥሩምባውን ሳይሰሙት የገፋዎት ጊዜ፣ እትዬ ውዳሴ መጥተው ሲወስዱዎት ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ኮርሳ ብስክሌቴን አድሳት። ቀለሟ ሲደርቅ እኔም እደርሳለሁ» ነው ያሉት። እኔ ቃልዎን ይዣለሁ። ኮርሳዋ አሁን ተፈታታ አልቃለች። ቸርኬዎቹ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ቴላዮዋ፣ ባዶ አጥንቷ፣ ከጣሪያው ተንጠልጥላ ሥጋዋ የተበላ ዓሣ መስላለች። ቀለሟን በብርጭቆ ወረቀት ሳወርድ ከጥቁሩ ሥር ቀይ ወጣ፣ ከቀዩ ሥር ሰማያዊ። ከዚያ ባዶ ብረት ነው ስል፣ የኮርቻዋ ቀለበት ታቅፎት የኖረ ቦታ ላይ ጥፍር የምታህል ሌላ ቀለም አገኘሁ። ቢጫ ትመስላለች። ቢጫ ናት ወይስ ዕድሜ ነው?

ሌላው፣ የኮርቻዋ የብሎን ቁልፍ ጠፍታለች። ያቺ እጀታዋ ላይ የጎማ ቁራጭ የጠመጠሙባት ትንሿ። የሺእመቤት ድስት ውስጥ ሳይቀር ፈልጌያለሁ። ሌላ ቁልፍ ሞልቶናል፤ ግን ለዚያች ኮርቻ የምትሆነው እሷ እንደሆነች ያውቃሉ። ደግሞ በብስክሌት ማደሻ ሱቃችን ሕግ የመጨረሻዋን ብሎን፣ የኮርቻዋን፣ የሚያጠብቀው ባለቤቱ ነው። ለእግሩ ልክ አውጥቶ፣ በገዛ እጁ። ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ጠባቂው ነኝ።

ስለዚህ መቼ ነው የሚመጡት? ቁርጡን ይጻፉልኝ።

የእርስዎው ጉታ
(የቀለም ሐኪም፣ አሁን ደግሞ የተማረ)


ቦንጋ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጉታ

በጌታ ሰላም ላንተ ይሁን። ውዳሴ ላንብብልህ ስትል ከእጇ ወሰድኩና እኔው አነበብኩት። ዶሮዋ ጎበዝ ናት። የፀጋን እጅ ጌታ ይባርክ።

እግርዎ እንዴት ነው ላልከው፣ እግር ያው እግር ነው። እዚህ ዝናቡ ስለቆየ ብዙም ከቤት አልወጣም። ውዳሴ ደህና ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ነው። ለእኔ እንኳ ሞላም ባዶም ሆነ ድምፁ አንድ ነው።

ያገኘኸው ቢጫ ነው። ዕድሜ አይደለም። ስገዛት በዚያ ቀለም ነበረች። ሎሚ አይደለም፣ የእንቁላል አስኳልም አይደለም። ጎመን ሳይቆረጥ ቆይቶ ሲያብብ የሚያወጣውን ታውቀዋለህ፣ እሱን ነው። ሌላ ቢጫ ብትቀባት አላውቃትም።

ስቱኮ አታብዛ። ብረቱ ከብረት የተያያዘበት ጠርዝ በስቱኮ ከሞላ ብስክሌት መሆኗ ቀርቶ የታመመ ሰው እግር ትመስላለች። ደመና በሆነ ቀን ደግሞ እንዳትረጭ፤ ቀለሙ ነጥቶ ወተት ያወጣል። ይህን ሁሉ ታውቃለህ፤ ግን ማወቅህን ስታወራ ማድረጉን እንዳትረሳ ብዬ ነው።

ስለ ቁልፏ የጻፍከውን አይቻለሁ።

መቼ ይመጣሉ ላልከኝ፣ እኔ የምመጣው ገና ነው። አንተ ተረጋግተህ ሥራህን ሥራ።

ማኑሄ


ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ማኑሄ፣

ሰላምታዬን በሩጫ ይቀበሉኝ፤ እጄ ቀለም ነው።

ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን መሰላል ላይ ነበርኩ። «የምመጣው ገና ነው» የምትለዋ ላይ ስደርስ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። የሺእመቤት ድምፁን ሰምታ ሰው ወደቀ ብላ ወጥታ ነበር። ለገና ይመጣሉ አልኳት። ማማሰያዋን እንደያዘች ቆማ «ማን ነገረህ?» አለችኝ። አነበብኩ አልኳት። አነበብኩ ማለት እንዴት ደስ እንደሚል ጋሼ፣ እርስዎ ከልጅነትዎ ስለተማሩ ረስተውታል።

እሁድ ዕለት ከስብከቱ በኋላ በማስታወቂያው ሰዓት እጄን አወጣሁ። ፈቀዱልኝ። መድረኩ ላይ ቆሜ ደብዳቤዎን፣ ስለ እግርዎና ስለ ዝናቡ ያለውን ትቼ፣ መምጫዎን ብቻ አነበብኩላቸው። በሕይወቴ በሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ሰው አላረመኝም። እልልታው ምናልባት ለእርስዎ ይሆናል፤ ግማሹን ግን እኔ ወስጃለሁ። ፀጋ ስንወጣ መጥታ «እስቲ ደብዳቤውን ልየው» ብትለኝ ደብዳቤ የግል ነው አልኳት። ራሷ ናት እንደዚያ ያስተማረችን። ሳቅ ብላ ሄደች።

«ሌላ ሰው እንዳይነካት» ብለው በነገሬ በቃል ለላኩብኝ፣ ከእኔ በቀር ትንፋሽ እንኳ አልነካትም። ለቀለሙ ከየሺእመቤት ጓሮ ያበበ ጎመን ቆርጬ ይዤ ቀለም ሻጩ ሮቤራ ጋ ሄድኩ። ጎመኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ግራ ገብቶት አየኝ። ይህንን ቀምምልኝ አልኩት። አረንጓዴ ቀመመ። አበባውን ነው አልኩት። ቢጫ ቀመመ፤ አስኳል ሆነ። እንደገና፤ ሎሚ ሆነ። እንደገና። መጨረሻ ላይ ጣቱን ነክሮ አበባው ላይ ነካ ሲያደርግ ጣቱ የት እንደገባ ጠፋን። ከዚያ በፀሐይ ቀን ረጨሁ። አፌ ዝም ይበልና ሥራዬ ይናገር፤ ዝንብ ብታርፍባት ተንሸራታ ትወድቃለች። የብረቶቹ ጠርዝ በጣት ሲነኩት ይቆጠራል። ስቱኮ አላበዛሁም፤ ሳልናገር ነው ያደረግኩት።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅዎ ሠርቻለሁ። መሪዋ ሥር በረጅሙ ብረት ላይ ስምዎን በጥቁር ጻፍኩ። ማኑሄ። ሦስቱ ሀ እዚህ ላይ አስቸገሩኝ። ሄ፣ ሔ፣ ኄ። የቱ ነው የእርስዎ? ብሩሹ እየደረቀብኝ ስለነበር የመጀመሪያዋን ጻፍኩ። ከተሳሳትኩ ሲመጡ ይነግሩኛል።

የቅዳሜ ልጆች፣ ብስክሌታቸውን እኛ ያደስንላቸው ሁሉ፣ ለገና ከአምልኮ በኋላ 18 ማዞሪያ ይሰበሰባሉ። እስከ ሳንሱሲ ደርሰን እንመለሳለን። ቀስ ብለን። እርስዎ ፊት ነዎት። ጥሩምባውን እኔ ከኋላዎ ሆኜ እሰማልዎታለሁ፤ ትከሻዎን በግራ ከነካሁ ግራ፣ በቀኝ ከነካሁ ቀኝ። የሺእመቤት ዶሮውን ጀምራለች፤ ማለቴ ዶሮውን ማሞገስ ጀምራለች።

ኮርቻዋ ብቻ ቀርታለች። ላልታ ተቀምጣለች። ቁልፏን አላገኘኋትም።

ጉታ


ኮልፌ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ማኑሄ
ቦንጋ

ከማክበር ሰላምታ ጋር። እኛ ገናን በሰላም አክብረናል። እርስዎም በሰላም አክብረው እንደሆነ እናምናለን።

ስለ ዕለቱ የምጽፈው ብዙ የለኝም። አየሩ ጥሩ ነበር። የሺእመቤት ዶሮ ጨው አልበዛበትም።

አየር ጤና መናኸሪያ ከጅማ በኩል የመጣው አውቶቡስ ሁሉ ሰው አወረደ። ነገሬ የለም፤ መኪናቸው ተበላሽቶ ጅማ ቆሟል አሉ። እርስዎ በሌላ መኪና ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። የቅዳሜ ልጆች 18 ማዞሪያ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ፤ የታክሲ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዛሬ ሩጫ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። አለ አልን፣ ቆይ አልን። እኔ ኮርሳዋን በእጄ ይዤያት ነበር። ኮርቻዋ ላልታ ስለነበር ማንም አልተቀመጠባትም። በእጄ እየገፋሁ ወደ ሱቅ መለስኳት። ሳንሱሲ አልሄድንም።

ስመለስ የሺእመቤት ዶሮውን በሳህን አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ገባች።

አልተቀየምኩም። ትናንት ግን አንድ ሽማግሌ ጠርተውኝ «ልጄ፣ በደንብ አንብበኸው ነበር?» አሉኝ። ይህቺ ናት ውስጤ የገባችው። ደብዳቤዎን ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ነው። ደጋግሜ አየሁት። ገ ናት። ና ናት። ሌላ ምንም አይደለችም። ለፀጋ ማሳየት አፈርኩ።

መኪና አጥተው ከሆነ ይገባኛል። ሐሳብ ቀይረው ከሆነም ይገባኛል። የከፋ ነገር ከሆነ ግን እባክዎ እትዬ ውዳሴ ይጻፉልኝ። ደህና ነዎት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላውን ተዉት።

ጉታ


ቦንጋ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጉታ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ከሰላምታ በፊት ይህ ይቅደም።

ነገሬ የመጀመሪያውን እንደያዘ ጅማ ላይ ስለቆመ ሁለቱን ደብዳቤህን አንድ ላይ ነው ያገኘሁት፤ የደስታህንና የኀዘንህን። የደስታህን ቀድሜ አነበብኩ። ምንም አልገባኝም። ለገና እመጣለሁ መቼ አልኩ? ብዬ ውዳሴን ጠየቅኳት። እሷም ጮክ ብላ፣ ከንፈሯን እንዳይ ፊቴ ቆማ፣ «ገና» የምትለዋን ቃል አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ አድርጋ አነበበችልኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ወድቃ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ፊደሉ ልክ ነው። አንተም በትክክል አንብበኸዋል። ግን ገና የሚባል ሁለት አለ። አንደኛው ይጠብቃል፤ እሱ በዓሉ ነው። ሌላው ይላላል፤ እሱ «ቆይ፣ ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብደኝ ነበር፤ ለአንተ ቀላል ነው። አንድ ብሎን ጠብቆ ይሁን ላልቶ በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ በእጅ መሞከር አለበት። ቃልም እንደዚያው ነው። እኔ የላላውን ጻፍኩ፤ አንተ ስትጓጓ አጠበቅከው።

እዚህ ላይ ብተወው ጥፋቱ የፊደል ይሆን ነበር። አልተወውም።

እኔ ደብዳቤ ስጽፍ ቃል የማይቸግረኝ ሰው ነኝ። በሚቀጥለው ወር፣ ከመኸር በኋላ፣ ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ገና ያልኩት አልመጣም የሚለው አልጻፍ ስላለኝ ነው። ሆን ብዬ አላልቼ የተውኩት ቃል ነው። አንተ ስለ እግሬ ጠየቅከኝ፤ እኔ ስለ ዝናብ ነገርኩህ። ጉልበቴ አይታጠፍም ጉታ። አጥንቱ ገጥሟል፤ መታጠፊያው ግን እንደዚያው ደርቆ ቀርቷል። ሐኪሙ በምርኩዝ ትሄዳለህ አለኝ፤ እሄዳለሁም። ፔዳል ግን አያዞርም። ይህን ለማንም አልጻፍኩም።

ፔዳል የማያዞር፣ ጥሩምባ የማይሰማ ሰው 18 ማዞሪያ መጥቶ ምን ያደርጋል? ኮርሳዋን ለአንዱ የቅዳሜ ልጅ ስጣት። ኮርቻዋን ለእሱ እግር ልክ አውጣለት። ስሜን ከፈለግህ አውርደው፤ ብርጭቆ ወረቀቱ አንተ ጋ ነው።

በጉባኤው ፊት ግን ቁምና ጉታ በትክክል አንብቧል ብለህ ንገራቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ደግሞ ከነፊርማዬ አንብብላቸው።

ማኑሄ


ኮልፌ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጤናዎን አልጠይቅም፤ አሁን አውቀዋለሁ። ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። እኔም «ክቡር አቶ» ስላልኩዎ ይቅር ይበሉኝ። የሺእመቤት ይህን ስነግራት ጋሼን አቶ ብለህ ጻፍክ ብላ አንድ ቀን ሙሉ ምሳ ከለከለችኝ።

ደብዳቤዎን ይዤ በቀጥታ ወደ ፀጋ ሄድኩ። የግል ነው አላልኩም። ስለ እግርዎ ያለውን አጥፌ የገናውን አሳየኋት። «ያኔ ብታሳየኝ ኖሮ» አላለችም፤ ይህቺ ልጅ ታላቅ ናት። እሁድም ቆምኩ። እንዳሉኝ ከነፊርማዎ አነበብኩ። ሁለቱን ገና፣ የጠበቀውንና የላላውን፣ አፌን ከፍቼ አስረዳኋቸው። እኚያ የጠየቁኝ ሽማግሌ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። አሁን ፀጋ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ምሳሌ አድርጋ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች፤ እኔም እንግዳ አስተማሪ ሆኜ ተጋብዣለሁ። አልተጋበዝኩም፤ ግን ስሄድ አላስወጣችኝም።

ሰፈሩም ለምዶታል። ታክሲ ተራ ላይ አንዱ «መጣሁ መጣሁ» ካለ ሌላው «የትኛው ገና ነው፣ የላላው?» ይለዋል። ቃልዎ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳይመስልዎ።

አሁን ወደ ኮርሳዋ። ስጣት ስላሉኝ ለቅዳሜ ልጆች ነገርኳቸው። አንደኛው፣ ረጅሙ፣ ከሁሉም ለእርስዎ ቁመት የሚቀርበው፣ መጥቶ ተቀመጠባት። ኮርቻዋ ከሥሩ ተንሸራታ ወረደች። ይሆን እንደሆነ ልሞክር ሌላ ቁልፍ አንስቼ ጎንበስ ስል ልጁ ተነሳ። «ጋሽ ጉታ፣ ይሄ እኮ ስም ተጽፎበታል» አለኝ። ማንበብ ይችላል፤ ምን ላድርገው? ስሙን አውርደው ብለውኛል ልለው አፌን ስከፍት እምቢ አለኝ። የእኔ አፍ እምቢ ብሎ ያውቃል ጋሼ? ያን ቀን አለ።

ከዚያ ተቀምጬ ሕጉን አሰብኩት። የሱቃችን ሕግ ባለቤቱ ያጠብቃል ነው የሚለው። ባለቤቱ ይንዳ አይልም። እርስዎ ሲያወጡት እንደዚያ አላሉም፤ እኔ አጠገብዎ ነበርኩ። ጉልበትዎ አይታጠፍም፤ የእጅ አንጓዎስ? ብሎን የሚያዞረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚነዳት እርስዎ ተቀምጠው ይወስናሉ። ወንበርዎ በሩ አጠገብ ነው፤ እግር መዘርጊያ አለው፤ አንድ ልጅ እንኳን እንዲቀመጥበት አልፈቅድም። ምን አደርጋለሁ ላሉኝም፣ ቸርኬ ማቃናት በጉልበት አይደለም። ያለ እርስዎ ያቃናኋቸው ሁሉ ሲዞሩ እስክስታ ይወርዳሉ። ይህን ለሌላ ሰው አልጻፍኩም፤ እርስዎም እንዳያወሩት። ጥሩምባውን ደግሞ እኔ እሰማዋለሁ፤ ለሁለት የሚበቃ ጆሮ አለኝ፤ የሺእመቤት እንዲያውም ለሦስት ነው ትላለች።

እስከዚያ ኮርቻዋ ላልታ ትጠብቃለች።

ይህቺን የመጨረሻ ቃል እንዳይሳሳቱ፣ ጠበቅ አድርገው ያንብቡልኝ። አላልተው ካነበቧት እንደ ብሎን ጠብቃለች ማለት ይሆንና የሚመጡበት ምክንያት ይጠፋል።

ልጅዎ ጉታ


ቦንጋ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጉታ፣

ጠበቅ አድርጌ አነበብኩት።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ውዳሴን ጠይቄአለሁ፤ ፋሲካ አንድ ብቻ ነው፣ የላላ የለውም። በጉባኤ ልታነበው ትችላለህ። ነገሬ ከፊት ወንበር ይዞልኛል፤ እግሬን የምዘረጋበት።

ሄዋ ልክ ናት። አትንካት።

ቁልፏን መፈለግ ተው። ከኮልፌ ስነሳ ተሳስታ ኪሴ ገባች አልልህም፤ እኔ ነኝ የከተትኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትራሴ ሥር ናት።

ማኑሄ